ውሃ የሚሆነው የዱባ ወጥ እንዴት ተስተካከለ

እዚህ አሜሪካ ኦክቶበር ላይ በየሱቁ በር የሚደረደረው ትልቁ ዱባ ለሃሎዊን በዓል ፊት ለመቅረጽ የሚሸጥ ነው፤ ቃጫማና ውሃ የበዛበት ስለሆነ ወጡ አልሰበሰብ ይላል። መፍትሔው በተርነት ስኳሽ የሚሉት አንገተ ረጅሙ የዱባ ዓይነት ሆነ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደንብ አቁላልቼ፣ ዘይትና በርበሬ ጨምሬ፣ ዱባውን በትልልቁ ቆርጬ ከተትኩት። ውሃ ጠብ አላደረግሁበትም፤ ከድኜው በለስላሳ እሳት በራሱ ውሃ በሰለ። ኮረሪማ መጨረሻ ላይ።

ፍሬውን የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው፤ እስከ ክርናቸው ይጨማለቃሉ፣ ግን ደስታቸው! ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨው ይቆላል።

ትልቁንም ዱባ አልጣልነውም። ኖቬምበር በገባ በአራተኛው ሐሙስ ለሚከበረው የምስጋና ቀን እያንዳንዱ ልጅ የሚያመሰግንበትን ነገር በማርከር ልጣጩ ላይ ይጽፋል። ትንሿ «አያቴ ስለምትደውልልኝ» አለች፤ እኔ ጻፍኩላት። ካልተቀረጸ ዱባው ቶሎ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ መጀመር ይቻላል።