ለኦንላይን ትምህርት የሚበቃ ብሮድባንድ (ፈጣን የኢንተርኔት መስመር) እንዴት ይመረጣል?

ለኦንላይን ትምህርት ከመመዝገብዎ በፊት የመስመርዎን ፍጥነት፣ በተለይ ተጠቃሚ በሚበዛበት የምሽት ሰዓት፣ ደጋግመው ይለኩ። ብዙዎች የሚያዩት የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ድምፅዎና ምስልዎ ወደ መምህሩ የሚደርሱት በመጫኛው ፍጥነት ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ ማውረጃው የቱንም ያህል ቢፈጥን መቆራረጡ አይቀርም። ካሜራን መዝጋት ጫናውን በእጅጉ ያቃልላል።

ቀጥሎ ወጪውን ይመዝኑ። ዓለም አቀፉ የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ያወጣው ግብ፣ የመነሻ ብሮድባንድ (ዝቅተኛው ጥቅል) ዋጋ ከነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። የእርስዎ ወጪ ከገቢዎ አንጻር ከዚህ ከበለጠ፣ በብዙ አገሮች ከቴሌኮም ኩባንያዎች መዋጮ የሚሰበስበው የሁለንተናዊ አገልግሎት ፈንድ (አገልግሎቱን ለሁሉም ለማዳረስ የሚቋቋም) ድጎማ ይሰጥ እንደሆነ የቴሌኮም ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ (የቃል መልስ ማስረጃ አይሆንምና) ይጠይቁ።