ሚስተር ዋንግ ወይስ ዴቪድ? የቻይናውያንን ስም ስንጠራና ስንጽፍ

ፓስፖርቱ «ዋንግ ሽያውሚንግ» ይላል፤ ሰውየው ደግሞ «ዴቪድ በሉኝ» ይላል። ከቻይና ድርጅት ጋር የሚሠራ ሰው ይህ ሳይገጥመው አይቀርም። ማንነቱን የደበቀ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ዴቪድ መጠሪያ እንጂ የሰነድ ስም አይደለም። ብዙው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው።

መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም ይለዩ። ቻይናውያን የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ያኦ ሚንግ የቤተሰቡ ስም ያኦ ነው። እንደ ኦውያንግ ካሉ ጥቂቶች በቀር የቤተሰብ ስም ባለ አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፤ የራስ ስም አንድ ወይም ሁለት ቀለም ይኖረዋል። ስለዚህ ለፈረንጅ ብለው «ሽያውሚንግ ዋንግ» ብለው ቢገለብጡትም አጭሩን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እንደ «ሊ ዌይ» ሁለቱም አጭር ከሆኑ ፓስፖርቱን ይዩ፤ የቤተሰብ ስም በራሱ መስመር ተጽፏል።

እኛ አቶ አበበ ማለት ስለለመድን ፊት የተጻፈውን ይዘን «ሚስተር ሽያውሚንግ» እንላለን። ትክክሉ «ሚስተር ዋንግ» ነው። እነሱም በተራቸው አበበ ከበደን «ሚስተር ከበደ» ሊሉት ይችላሉ፤ አባትዎን የሚጠሩ እንዳይመስልዎት በመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። ያገቡ ሴቶች እንደኛው የራሳቸውን ስም ይዘው ይቀጥላሉ፤ በባል ስም አይጥሯቸው።

ታዲያ ዴቪድ ለምን አስፈለገ? የራስን ስም ብቻውን የሚጠሩት በአብዛኛው ወላጅ፣ የትዳር አጋርና የቅርብ ወዳጅ ናቸው። ባዕድ ሰው «ሽያውሚንግ» ሲል ሳያንኳኳ ጓዳ የገባ ያህል ነው። «ሚስተር ዋንግ» ደግሞ ያርቃል፤ አንዳንዴም አይለይም። ዋንግ፣ ሊ እና ጃንግ የተባሉት የቤተሰብ ስሞች እያንዳንዳቸው ከ90 ሚሊዮን በላይ ሰው አላቸው፤ በአንድ ቢሮ ሦስት ሚስተር ዋንግ ቢገኝ አይገርምም። የፈረንጅ ስም መሃል ላይ ይገባል፦ ሳይደፍሩም ሳይርቁም ያግባባል። ብዙዎች የሚያገኙትም ከእንግሊዝኛ ክፍል ነው፤ መምህሩ ያወጣላቸዋል ወይም ራሳቸው ይመርጣሉ።

የድምፅ ነገርም አለ። በማንዳሪን፣ ማለትም በቻይና ዋና ቋንቋ፣ «ማ» እንደ ቃናው (እንደ ድምፁ መውጣትና መውረድ) እናት፣ የቃጫ ተክል፣ ፈረስ ወይም መሳደብ ይሆናል። የኢንተርኔት ንግድ ድርጅቱ የአሊባባ መሥራች ጃክ ማ እውነተኛ ስሙ ማ ዩን ነው፤ ጃክ ያለው ስሙን መጥራት የከበደው የውጭ አገር ወዳጁ ነው። ስም መደረብ ደግሞ በቻይና አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ወንድ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው ሌሎች በአክብሮት የሚጠሩት ሌላ ስም ይወጣለት ነበር፤ የጥንቱ ቻይናዊ ባለሥልጣን ጁገ ሊያንግ «ኮንግሚንግ» ተብሏል። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ለሚል አገር ይህ እንግዳ አይሆንም፤ የክርስትና ስማችንም አለ።

የቻይንኛውን ስም ከላቲን ፊደል ሲያነቡ አራት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። «ኪው» ቀ አይደለችም፣ ለ«ች» የቀረበች ናት። «ኤክስ» እንደ ሳሳ «ሽ» ትነበባለች። «ዜድ ኤች» «ጅ»፣ «ሲ» ብቻዋን ስትሆን «ትስ» ናት። ቃናውን ባያገኙት ይቅርታ ያደርጉልዎታል፤ ሚስተር ቺንን «ቂን» ማለት ግን ማንን እንደጠሩ ያጠፋዋል።

ግንባታ ቦታ ላይ ከ«ሚስተር» ይልቅ የቤተሰብ ስምና ማዕረግ ይሠራል፦ ለኃላፊ «ዋንግ ዞንግ»፣ ለመሐንዲስ «ዋንግ ጎንግ»፣ ለመምህር «ዋንግ ላውሺ»። «ሽያው ዋንግ» ትንሹ ዋንግ ማለት ነው፤ ታላቅ ለታናሽ የሚለው ስለሆነ አለቃዎን እንዲህ ብለው እንዳይጠሩ።

ወረቀት ላይ ሲደርሱ ዴቪድን ይተዉት። ውል፣ የሥራ ፈቃድ፣ የባንክ ዝውውር ሁሉ በፓስፖርቱ ፊደል ልክ ይጻፍ፤ ባለ ሁለት ቀለሙን የራስ ስም ለሁለት አይክፈሉት። ውሉ «ዴቪድ ዋንግ» ካለ ባንኩ ከፓስፖርቱ ጋር ሲያመሳክር አይገጥምለትም፤ ገንዘቡም ሊያዝ ይችላል። ሆንግ ኮንግ ግን ይለያል። እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የፈረንጁ ስም መታወቂያቸው ላይ ሊኖር ይችላል፤ ካለ ይጻፋል። እዚያ የካንቶንኛ (የአካባቢው የቻይንኛ ዓይነት) አጻጻፍ ስለሚሠራ ቼን «ቻን»፣ ዋንግም ሆነ ኋንግ «ዎንግ» ይሆናል፤ ስለዚህ ዎንግን በግምት ወደ ዋንግ አይቀይሩ። ስልክዎ ላይ «ዋንግ ሽያውሚንግ፣ ዴቪድ፣ መሐንዲስ» ብለው ሁለቱንም ይያዙ።

አፕል ወይም ስካይ የሚባል ሰው ቢገጥምዎት አይሳቁ፤ አንዳንዱ የቻይንኛ ስሙን ትርጉም ተከትሎ ነው የመረጠው፣ ሌላው ድምፁ ስለተመሳሰለለት፣ ሌላው ስለወደደው ብቻ። ሥራ ሲቀይር ስሙንም የሚቀይር አለ። የፈረንጅ ስም የሌለው ወይም የማይፈልግም ብዙ ነው፤ ለእሱ «ጆን» ብሎ ማውጣት ነውር ነው። «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብለው ይጠይቁ፣ የነገረዎትንም ሁለት ጊዜ ደግመው እንዲያርምዎት ያድርጉ።