«ሥራችን ለልጆቻችን» ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ሥራ ከዞረ፣ አንድ ሰው «የውጭ ዕቃ ቢዘጋ ልጆቻችን ሥራ ያገኙ ነበር» ማለቱ አይቀርም። እኔም ድሮ እስማማ ነበር። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ወንድም ያለው ሰው ይህን መፈክር ቢወድ አይፈረድበትም። ግን መፈክሩን በሰማን ቁጥር የምንደጋግማቸው ስህተቶች አሉ።

የዳነውን ሥራ ብቻ ማየት

ትልቁ ስህተት ይኼ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከውጭ በሚገባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። የአገር ውስጥ ሠራተኛን ለመጠበቅ ነው ተባለ። እውነትም 1,800 ገደማ ሥራ ተገኘ። በኋላ የኢኮኖሚ አጥኚዎች ሒሳቡን ሲሠሩት ግን፣ ገዢው በዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ ከፍሏል። መንግሥት የሰበሰበው ቀረጥ ተቀንሶ እንኳ፣ አንዱ ሥራ ወደ 815,000 ዶላር ወጣበት። ቀረጥ ያልነካው የልብስ ማድረቂያም አብሮ ተወደደ፤ ሁለቱ በጥንድ ይሸጣሉና።

ሥራ ያገኘው ሰው በቴሌቪዥን ይታያል። የከፈለው ግን በየቤቱ ተበታትኗል፤ ማንም አይቆጥረውም። እኛም ጋ ዘይት ወይም ሳሙና ሲወደድ ጭማሪውን የምትከፍለው፣ ሁለት ቁና ጤፍ ሸጣ ቤቷን የምታስተዳድረዋ እናት ናት። ስለ እሷ መፈክር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ፋብሪካው ምን እንደሚበላ አለመጠየቅ

ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ሲተከሉ ደስ ብሎን ነበር። ደስታው ተገቢ ነው። ግን እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚያጣራው ድፍድፍ የፓልም ዘይት ከውጭ ነው የሚመጣው። ዶላር ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል። መለዋወጫውም እንደዚያው። «ከውጭ የሚመጣ ይዘጋ» ስንል የራሳችንን ፋብሪካ ጉሮሮ እያነቅን እንደሆነ ልብ አንልም።

የተከለከለ ነገር ይቀራል ብሎ ማመን

ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው። ሳልባጅ የማይሸጥበት ገበያ ግን ጎጃም ውስጥ አላውቅም። በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ቀረጥ አይከፈልበትም፣ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛውም አልተጠቀመም።

ሌላው አገር ዝም ብሎ ያያል ማለትም ያው ነው። ሩዋንዳ በልባሽ ልብስ ላይ ቀረጥ ስትጨምር፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ሩዋንዳ ልብስ ወደ አሜሪካ ያለቀረጥ የምትሸጥበትን፣ አጎዋ የሚባለውን የንግድ ዕድል አገደችባት።

ሥራን መሶብ ላይ እንዳለ እንጀራ መቁጠር

አንዱ ሲቆርስ ለሌላው የሚያንስ ይመስለናል። ከዚህ ነው «ከወረዳችን ልጅ ውጭ አይቀጠር» የሚለው ነገር የሚመጣው። እስቲ ወደ መተማ እንሂድ። በየክረምቱ ስንት የጎጃም ልጅ ነው ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደዚያ የሚወርደው? የዚያ አገር ሰው «ሥራችን ለልጆቻችን» ቢል የእኛ ገበሬ ልጅ የት ይገባል? እነዚያ ልጆች ሲደርሱ ደግሞ ምግብ ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ መኪና ይሳፈራሉ። ለነዋሪውም ሥራ ይዘው ነው የሚመጡት።

ሥራው የጠፋበትን ሰው መናቅ

ይህ ስህተት የእኛ የተማርን ባዮቹ ነው። ቁጥር ደርድረን «ንግድ ለሁሉም ይጠቅማል» ብለን እናልፋለን። ሁሉም ግን አይጠቀምም፤ የሚጎዳው ሰው ስምና ቤተሰብ አለው።

ጎረቤቴ ሸማኔ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በማሽን ጥለት የታተመበት የቻይና ጨርቅ ሲመጣ ገዢያቸው ቀነሰ። ሴቶቹ ርካሹን መረጡ፤ አልፈርድባቸውም። ጋሼ ግን ዓመቱን ሙሉ ተቸገሩ። ጨርቁ ይታገድ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ያነሡት የክር ነገር ነው። ለጥለት የሚሆነው ባለቀለም ክር ተወዶባቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ይጠፋል። ክሩ በተመጣጣኝ ዋጋ ቢገኝላቸው፣ በእጅ የተሠራ ልብስ ለሚፈልግ የአዲስ አበባና የውጭ አገር ገዢ የሚያደርስላቸው ሰው ቢኖር፣ ልጃቸውን ከሽመናው ጉድጓድ አያስነሱትም ነበር። ልጁ አሁን ባጃጅ ይነዳል።