ፓምፑ ሌሊት ብቻውን ሲነሳ፦ የቤት ውሃ ግፊት የሚያመልጥበትን ቦታ መፈለግ

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የደብረ ብርሃን ሰፈሮች ብዙ ቤት የሚጠቀመው መሬት ላይ ካስቀመጠው ሮቶ በፓምፕ እየሳበ ነው። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ በየጊዜው ብድግ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ግፊት እያመለጠ ነው። አዲስ ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩሉ።

በመጀመሪያ ግፊቱ የሚያመልጠው በፓምፑ ወገን ይሁን በቤቱ ወገን ለዩ። ፓምፑ ሞልቶ ራሱን ሲያጠፋ (ብዙዎቹ 2.8 ባር ላይ ያቆማሉ) ሶኬቱን ንቀሉ። ወደ ቤት የሚሄደውን ጌት ቫልቭ (መዝጊያ) ዝጉ፣ የማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ቀስት ያለበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ያረጀ ጌት ቫልቭ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፤ ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ካቆመ በኋላም ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሙከራው አያስተማምንም።

ቀስቱ ከወረደና በፓምፑ ዙሪያ እርጥበት ከሌለ ቼክ ቫልቩን፣ ማለትም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ፣ ጠርጥሩ። ይህ ብልሽት ብዙ ሰው ያታልላል፤ ውሃው ተመልሶ ሮቶው ውስጥ ስለሚገባ የሚታይ ፍሳሽ የለውም። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ጎማው ላይ ከተቀመጠች በቂ ናት። የሮቶውን መውጫ ዘግታችሁ ቼክ ቫልቩን ፍቱት፣ እጠቡት፤ ጎማው ከተበላ ቀይሩት። ስትመልሱት በቫልቩ አካል ላይ ያለው የቀስት ምልክት ውሃው ወደሚሄድበት ይዙር።

ቀስቱ ካልወረደ ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው። የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ውሃ በቀይ ሥር ቅቅል ውሃ አቅልሙትና 20 ደቂቃ ሳትለቁት ቆዩ። ቅላቱ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የታችኛው ጎማ አይዘጋም። ቀጥሎ ቦይለሩ፦ 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሊትር ያህል ስለሚሰፋ፣ እየሞቀ ሳለ ከሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ውሃ ከሚያስወጣው ቫልቭ) ጠብ ጠብ ማለቱ ጤነኛ ነው። ቀዝቅዞም ካላቆመ ግን ቫልቩ ይቀየር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በውጭ ግድግዳ ላይ የተዘረጋውን ቱቦ አትርሱ። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል፤ በረዶው ራሱ ስንጥቁን ስለሚደፍነው ፍሳሹ የሚታየው ፀሐይ ካሞቀው በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ነው።

ፓምፑ ሌሊት ዝም ብሎ፣ ቧንቧ በከፈታችሁ ቁጥር ግን በሴኮንዶች ውስጥ የሚነሳና የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የፕሬሸር ታንኩ፣ ማለትም ውሃውን በታመቀ አየር ገፍቶ ግፊት የሚይዘው ታንክ፣ አየር አልቋል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቧንቧ ክፈቱ፣ ማኖሜትሩ ዜሮ እስኪል ይፍሰስ። ውሃ እንዳለበት የተለካ አየር ልኬቱ ሐሰት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያም ይሳሳታል። ከታንኩ ጀርባ ያለውን ክዳን ስታነሱ የመኪና ጎማ ዓይነት ቫልቮላ ታገኛላችሁ። ጫፉን ጫን ስትሉት ውሃ ከተፋ ውስጡ ያለው የጎማ ፊኛ ተቀዷል፤ መንፋት ከንቱ ነው፣ ፊኛው ይቀየር። አየር ብቻ ከወጣ በብስክሌት መንፊያ ሙሉት። ልኩ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 2 ፒኤስአይ (እንደ ባር ያለ የግፊት መስፈሪያ) ያነሰ ነው፤ በ20 ፒኤስአይ ለሚነሳ ፓምፕ 18። የጎሚስታ መለኪያ ለዚህ ይበቃል።