ዶሮዎ ቆስላ ዝንብ ከዞራት

ለነገ አይበሉ። ዝንብ ቁስል ላይ የጣለችው እንቁላል በ24 ሰዓት ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ላባ ሥር የተጣበቀ የሩዝ ፍርፋሪ ይመስላል። ኩስ የተጋገረበት የኋላ ላባም ዝንብ ስለሚጠራ እዚያም ይፈትሹ።

በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ይከርክሙ። ፈልቶ ለብ ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ደጋግመው ይጠቡት። ትሉን በወረንጦ አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ ቁስሉ ጉድጓድ ካለው ውስጡን ይዩ፣ የሚደበቁት እዚያ ነው። በደንብ አድርቀው ቤታዲን ይቀቡ። ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና እንዳያፈሱባት፣ አደራ! ሥጋዋን ያቃጥላል።

ሌሎቹ ደም ካዩ ስለሚነቁሯት ለብቻዋ ያድርጓት። ጠዋትና ማታ ቁስሉን ይዩ። ትሉ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ወይም መብላት ካቆመች ግን የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷት።