ለበዓል ጭስ ወፎቻችሁን አታጋልጡ

የታኅሣሥ ብርድ ደሴ ላይ አጥንት ድረስ ይገባል። ከጦሳ ጉም ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ማንደጃ ይከባል። ከአራት ዓመት በፊት በገና ዋዜማ እኔም ሁለቱ በቀቀኖቼ አሳዘኑኝና የሽቦ ቤታቸውን ከማንደጃው አጠገብ አድርጌ፣ በሩን ዘግቼ ቅዳሴ ሄድኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ሰማያዊዋ ከመቆሚያዋ ወርዳ፣ ላባዋን ነፍታ፣ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሳይነጋ ሞተች።

የወፍ አተነፋፈስ እንደኛ አይደለም። ከሳንባዋ ሌላ የአየር ከረጢቶች ስላሏት አየሩ በሳንባዋ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፤ ጥሩውንም መርዙንም ከእኛ ፈጥና ትስባለች። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም።

ስለዚህ ከገና ዋዜማ ከሰዓት ጀምሮ ወፎቹ ከሳሎን ይውጡ። ዶሮው ከሚሠራበትና ቡናው ከሚቆላበት የራቀ ክፍል ምረጡ፤ በሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ። ለብርዱ ጋቢ ይበቃል፦ በሦስት ጎን ሸፍኑና ፊት ለፊቱን ክፍት ተዉት። ኮምቦልቻ ያላችሁማ ሞቅ ስለሚል ነጠላም ይበቃችኋል።

እናቴ «ያለ ዕጣን ምን በዓል አለ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ዕጣኑ ይጨስ፤ ከዚያ መስኮት ተከፍቶ ሽታው ከመጋረጃው እስኪለቅ ወፎቹ አይመለሱም።

ቴፍሎን መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ከጋለ፣ የሚወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። እኛ ቤት በዓል ሲደርስ ቴፍሎኑ ቁም ሳጥን ይገባል፤ እንቁላሉ በብረት መጥበሻ ይጠበሳል።

እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ልጆች ወፎቹን ማጉረስ ይወዳሉ። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጠላ፣ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ለወፍ መርዝ ናቸው። ልጆቹን ከመቆጣት ይልቅ የታጠበ የጎመን ቅጠል በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱም አጉርሰው ይደሰታሉ። ወፎቹ ግን በዚያን ቀን ከቤታቸው አይለቀቁም፤ የውጭው በር ሲከፈት ነው የሚውለው።

ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጧትና ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፤ በዓልም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን። እኔ ያን ዕለት ሲነጋ እወስዳታለሁ ብዬ ነበር።