ያለቀ ቤት ውስጥ ስትቆርጡ ተጠንቀቁ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቀለሙ ደርቋል፣ ሴራሚኩ ተለጥፏል፣ ሰው ገብቶ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት አቧራው ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። ከተነሳ በኋላ ማባረር ከባድ ነው፤ የሚያዘው እዚያው ምላጩ ሥር ነው።

ለሁሉም ነገር ግራይንደር ማንሳት

ግራይንደር፣ ማለትም በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጠው የእጅ ማሽን፣ ለሁሉም ሲነሳ አይቼ አይቼ ታክቶኛል። ሶኬት ለማስፋት ግራይንደር፣ ጂፕሰም ለመክፈት ግራይንደር፣ ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ጠርዝ) ለማሳጠር ግራይንደር! ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ትዞራለች። በዚያ ፍጥነት ግድግዳ ስትነካ ዱቄት ታደርገዋለች። የሲሚንቶና የሴራሚክ አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ወፍራሙ ወለል ላይ ያርፋል። ዓይን የማያየው ደቃቁ ግን አየር ላይ ይቆይና ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ይህን ብናኝ በ1997 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

አንድ ጊዜ ለአንዲት ሶኬት ሲባል በደረቁ የተቆረጠ ግድግዳ ላስተካክል ሄድኩ። መስመሩ ከክንድ አይበልጥም። የተዘጋ ቁም ሳጥን ስንከፍት የተሰቀለው ኮት ትከሻው ነጭ ሆኗል። የፍሪጁ ጀርባም እንደዚያው። የሕፃኑ አልጋ ሳይቀር አቧራ ጠጥቷል። ያናደደኝ እሱ ነው።

ጂፕሰም ከሆነ የእጅ መጋዝ ይበቃል። ፍርፋሪው ወፍራም ስለሆነ እዚያው ይወድቃል። ለዞኮሎና ለበር ጉበን ጫፍ መልቲቱል የሚባለውን በሚንቀጠቀጥ ምላጭ የሚቆርጥ የእጅ መሣሪያ ያዙ፤ ምላጩ ስለሚንቀጠቀጥ እንጂ ስለማይሽከረከር አቧራውን አርቆ አይረጭም። ያልተለጠፈ ሴራሚክ ቀጥ ብሎ የሚቆረጥ ከሆነ በእጅ መቁረጫ ጭረት አውጥታችሁ ስበሩት። ግራይንደር የግድ የሚሆነው የተለጠፈ ሴራሚክ ወይም ኮንክሪት ላይ ነው። ያኔም ቫኪዩም (አቧራ መሳቢያ ማሽን) የሚገጠምበት መከለያ ይኑረው። ለሴራሚክ ጠርዙ ያልተቆራረጠ የዳይመንድ ዲስክ ምረጡ፤ የተቆራረጠው የሴራሚኩን ጠርዝ ይሸርፈዋል።

መከለያውን አውልቆ መሥራት ወይም ግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ዲስክ መግጠም፦ በፍጹም! ዲስኩ ከነከሰ መሣሪያው ከእጅ አምልጦ ሰው ላይ ይመጣል።

ፊቱን ሳያዩ መቁረጥ

ጂግሶው ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ መጋዝ ነው፤ ምላጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ወደ ላይ ሲመጣ ነው። ስለዚህ የሚላጠው የላይኛው ፊት ነው። ላሚኔቱን (ፊቱ በስስ ንጣፍ የተሸፈነውን ሰሌዳ) ገልብጣችሁ በጀርባው ቁረጡ። የማይገለበጥ ከሆነ ጥርሱ ወደ ታች የሆነ ምላጭ አለ። እሱ መሣሪያውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ጫን አድርጋችሁ ያዙ። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍም ይረዳል። በእጅ የሚገፋው ሰርኩላር መጋዝም እንደዚሁ ነው።

የቤት ቫኪዩም መጠቀም

ጀማሪዎች በቅን ልብ የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ቢያንስ ስለ አቧራ አስበዋል። ችግሩ ተራ ከረጢት ደቃቁን አያቆመውም። ከፊት የገባው በኋላ በኩል ይወጣና ክፍሉን ይሞላል። ሄፓ ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። የጂፕሰም ዱቄት ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍን ከማጣሪያው በፊት ከረጢት አስገቡበት። አንድ ነገር አደራ፦ የእንጨት ብናኝ ያለበት ቫኪዩም ተገጥሞ ብረት እንዳትቆርጡ። ፍንጣሪው ውስጥ ገብቶ እሳት ያስነሳል።

ቬንትሌተር ወደ ክፍሉ ማዞር አቧራውን ለጎረቤት ክፍል ማደል ነው። መስኮት ላይ አድርጋችሁ ወደ ውጭ እንዲነፍስ አዙሩት፤ በሩንም በላስቲክ ሸፍኑ።

ውሃ አቧራን በደንብ ይገድላል፤ ግን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ዝም ብሎ አይፈስም። መሣሪያው ለውሃ የተሠራ፣ መስመሩም የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚያቋርጥ መከላከያ ያለው ይሁን። ላሚኔት ላይ ውሃ የሚባል ነገር አታስቡ፤ ያብጣል።

ግድግዳ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያረጋግጡ መቁረጥም አለ። ሽቦና ቧንቧ ይፈለጋል፣ ጥልቀት ይለካል፣ ቆጣሪ ይዘጋል።

ማስክ ደግሞ ፊት ላይ ካልገጠመ የለም ማለት ነው። የቀዶ ሕክምናው ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አልተሠራም። ኤን95 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ወይም ከዚያ የተሻለ አድርጉ። ጢም ካለ በጎን ያስገባል፤ ስለዚህ ተላጩ። ቆርጣችሁ እንደጨረሳችሁም ቶሎ አታውልቁት። ክፍሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በሄፓው ሳቡት፣ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ማስኩ የሚወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።